ወንድሜን በአንድ ገጽ ቅጽ ራሱን ላስቻለው ቢሮ

ለተከበሩ የዕለት ውሎ ማዕከላት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንዳለ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ወገብዎን፣ ዓይንዎን፣ ማኅተም የሚመታ ክንድዎንም ደህና ያድርግልዎ። ይህን ደብዳቤ በቢሮዎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው ድፍረት ኖሮኝ አይደለም። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ስለሚጠፋ ሦስት ጊዜ ተራ ይዤ፣ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ስለተመለስኩ ነው።

እኔ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነኝ። ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜ ሃያ ስምንት ዓመቱ ሲሆን የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለበት። ስድስት ዓመት ሙሉ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሚኒባስ እየመጣ ወደ ማዕከሉ ይወስደው ነበር። እዚያ ችግኝ ያጠጣል፣ ፎጣ ያጣጥፋል። ምሳ ሰዓት ላይ ብርጭቆ የሚደረድረው እሱ ነው፤ ሌላ ሰው ከቀደመው ያኮርፋል። ባለፈው ወር ግን «ራሳቸውን የቻሉ» ተብሎ በተለጠፈው ዝርዝር ላይ ስሙ አራተኛ ሆኖ ወጣ፤ ከማዕከሉም ተሰናበተ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ አጠያየቃችሁ አመሰግናለሁ። በየዓመቱ የሚሞላው ቅጽ ዘንድሮ የተሞላው ኮሪደር ላይ ነው። እናቴ ከልብስ ስፌት ፋብሪካው ፈቃድ ስለተከለከለች ጋሼን ይዤው የመጣሁት እኔ ነበርኩ። ከኋላችን ሃያ ሰው ተሰልፎ ሳለ መዝጋቢዋ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «ጫማውን ራሱ ያስራል? መንገድ ብቻውን ይሻገራል? ሽንት ቤትስ ራሱን ችሎ ይጠቀማል? ጮክ በይ እንጂ አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ዋጥሽው?» አሉኝ። ከተሰለፉት መካከል ከእናቷ ጋር ለሌላ ጉዳይ የመጣች የክፍሌ ልጅ ነበረች። እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ ወንድሜ ቢሮ ነው የሚሠራው ብያለሁ። ቦርሳውን አንግቦ ጠዋት በሚኒባስ ይሄዳል፣ በዐሥር ሰዓት ይመለሳል፤ ውሸቱ ተሠርቶ ነው የመጣልኝ። ስለዚህ «አዎ» አልኩ። ለዐሥራ አንዱም ጥያቄ ጮክ ብዬ «አዎ» አልኩ። ጋሼም ጨዋታ መስሎት በደስታ «አዎ!» እያለ አገዘኝ።

2ኛ. ስለ እምነታችሁ አመሰግናለሁ። ስድስት ዓመት አብራው የዋለችውን የማዕከሉን አሠልጣኝ መጠየቅ ሳያስፈልጋችሁ የእኔን ዐሥራ አንድ «አዎ» ተቀብላችኋል። እንዲህ ያመነኝ ሰው በሕይወቴ አላጋጠመኝም፤ እናቴ እንኳ እጄን መታጠቤን ስነግራት አሽትታ ነው የምታምነኝ። ጋሼ የጫማው ማሰሪያ ተፈትቶ፣ የሹራቤን እጅጌ ጨብጦ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ቀና ማለት ብቻ ይበቃ ነበር፤ ግን ሥራ በዝቶባችሁ ነው፣ ይገባኛል።

3ኛ. ስለ ሰጣችሁት ነፃነት አመሰግናለሁ። ራሱን የቻለው ወንድሜ አሁን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ከውጭ ይቆለፍበታል። እናቴ ፋብሪካ፣ እኔ ትምህርት ቤት ነን። በመጀመሪያው ሰኞ ቦርሳውን አንግቦ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። ሹፌሩ ፍሬን ይዞ መስኮቱን አወረደና «እቱ፣ እኔ ብወስደው ደስታዬ ነበር፤ ግን ከዝርዝሩ ወጥቷል፣ በር ላይ አንድ በአንድ ነው የሚቆጥሩን» አለኝ። ለጋሼ ደግሞ «ነገ፣ አለቃ፣ ነገ!» ብሎት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት በተነሣ ቁጥር «ዛሬ ነገ ነው?» ይለኛል። ሚኒባሱ በሰፈራችን ሲያልፍ የጡሩምባውን ድምፅ ስለሚያውቀው በሩን ይደበድባል። ጎረቤታችን እትዬ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ይህን ልጅ ምን አደረጋችሁት?» ሲሉኝ ጫማ ጫማዬን አያለሁ።

4ኛ. እዚህ ላይ ምስጋናዬ አለቀ። የዋሸሁት እኔ ነኝ። እናቴ ይህን አታውቅም። ቁልፉን ባዞረች ቁጥር ቢሮዎን ትረግማለች፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ እሰማለሁ። ለክቡርነትዎ የማይገባ እርግማን ደርሶዎት ከሆነ ግማሹ የእኔ ነውና ይመልሱልኝ። ይህን ወረቀት ከለጠፍኩ በኋላ ለእናቴ አለመናገር አልችልም፤ የክፍሌ ልጆችም ያነቡታል። የለጠፍኩትም ለዚሁ ነው፤ ሳስበው ግን ፊቴ ይቃጠላል።

እውነተኛው መልስ ይኸውልዎ። ጫማውን አያስርም። መንገድ ብቻውን አይሻገርም፤ መኪና ሲያይ ሰላም ሊል ወደ መኪናው ነው የሚሄደው። የሦስተኛውን ጥያቄ መልስ እዚህ አልጽፍም። ጋሼ የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ እሱ ማፈር ባያውቅ እኔ ላፍርለት ይገባኝ ነበር እንጂ በእሱ ማፈር አልነበረብኝም። በር ባለው ክፍል፣ በሩን ዘግታችሁ ከጠየቃችሁኝ ሁሉንም እናገራለሁ። በዝርዝሩ ግርጌ የተጻፈው የይግባኝ ጊዜ ዓርብ ያበቃል። ሐሙስ ከእናቴና ከጋሼ ጋር እንመጣለን። ቅጹ ተቀድዶ አዲስ እንዲሞላልን፣ ቦታውም እንዲመለስለት በትሕትና እለምናለሁ።

ለሰጡኝ ትልቅ እምነት ከልብ እያመሰገንኩ፣ እንደዚያ ዳግመኛ እንዳያምኑኝ እየተማጸንኩ፣
አንገቷን የደፋች ታዛዥዎ፣
በዝርዝሩ ተራ ቁጥር አራት የሰፈረው ሰው ታናሽ እህት

ማሳሰቢያ፦ በፖስታ የደረሰን ማስታወቂያ፣ ወንድሜ ራሱን ስለመቻሉ የተዘጋጀለትን የምስክር ወረቀት ያለ አጃቢ በአካል ቀርቦ፣ ፈርሞ እንዲወስድ ያዛል። ከቤታችን እስከ ቢሮዎ ሁለት ሰፋፊ አስፋልት አለ። ቀኑን ክቡርነትዎ ይምረጡ፤ እኛ በሩን የምንከፍትለት ግን እርስዎ ራስዎ ከአስፋልቱ ማዶ ቆመው ስናይዎ ነው።