በችኮላ የታሰረ ክር

ሐዋሳ፣ ታቦር
እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጀርመን ላለሽው ልጄ፣ ለሩሀማ፤

እንዴት ነሽ የኔ ዓለም? ብርዱስ እንዴት አድርጎሻል? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው፤ ቁልቁለቱን በእግሬ እወርዳለሁ፣ ዳገቱን ባጃጅ ይጨርሰው።

ፊት ለፊታችን ያለው ባለ ሱቅ ዩኑስ ይህንን ደብዳቤ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልሻል። «እማማ፣ ለምን አይደውሉላትም?» አለኝ። ስደውል ድምፄ ያሳብቅብኛላ!

ትናንት ስታወሪኝ እያለቀስሽ ነበር። ሦስት ወር የደከምሽበት ክር ተበላሽቷል፤ ነገ ፕሮፌሰሩ ዘንድ ገብተሽ «በቃኝ፣ አገሬ እገባለሁ» ልትዪ ነው። «እማዬ፣ ነይ ካልሽኝ እመጣለሁ» አልሽኝ። እኔም «አስቤ እነግርሻለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ይኸው አሰብኩ።

መጀመሪያ ሥራሽን እንደገባኝ ልድገመው፤ ከተሳሳትኩ ሳቂብኝ። ለአውሮፕላን ሞተር የሚሆን፣ ከፀጉር የቀጠነ ክር አለ። ያ ሁሉ እሳት እንዳይበላው ልብስ ያስፈልገዋል። ልብሱ ደግሞ አይቀባም፣ አይነከርም። የጋለ ቱቦ ውስጥ ጋዝ ታስገቢያለሽ፤ ጋዙ ክሩ ላይ ሲደርስ ይለወጥና እንደ ወተት ስልባቦት ስስ ሴራሚክ ሆኖ ያርፍበታል። አንቺ ግን ቶሎ ይለቅልኝ ብለሽ ክሩን አብዝተሽ፣ አጥብቀሽ አስረሽ ከተትሽው። የውጭዎቹ እርስ በርስ ተጣበቁ፤ ውስጥ ያሉት ራቁታቸውን ቀሩ።

ይቅር በዪኝና ይህን ስትነግሪኝ ሳቄ መጣ። የአባትሽ ሲባጎ ትዝ አላለሽም? ሰባት ዓመትሽ ነበር። አባትሽ አልአዛር፣ አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ጀልባው ጥግ ተቀምጦ፣ የመረቡን ሲባጎ ውሃ እንዳያበሰብሰው በቀለጠ ሰም ያሻል። አንድ በአንድ፣ በጣቱ፣ እያፏጨ። አንቺ «እኔ ላግዝህ» ብለሽ ድፍን ጥቅሉን ድስቱ ውስጥ ዘፈቅሽው! ሲደርቅ ዱላ ሆኖ ወጣ። ዓሣ አጥማጆቹ በሳቅ ሞቱ። እኔ ልቆነጥጥሽ ስነሳ አባትሽ እጄን ያዘና፣ «ተያት ደስታ፣ የቸኮለችው እኮ በጊዜ ቤት እንድገባላት ነው» አለኝ። ከዚያ ያን ዱላ ፀሐይ ላይ አሙቆ፣ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ እስኪመሽ ድረስ ክር ከክር ስታለያዩ ዋላችሁ። ሰሙ እስከ ቅንድብሽ ደርሶ ነበር። እኔ የምሸጠውን ዓሣ ትቼ እናንተን ሳይ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ቀን አላየሁም። ናፈቀኝ፣ ሩሁዬ። ያ ሰውዬ በጣም ናፈቀኝ።

አሁንስ ለምን ቸኮልሽ? አውቃለሁ እኮ። በደወልሽ ቁጥር «መቼ ነው የምትመጪው? ለገና? ለፋሲካ?» እያልኩ ልብሽን ያወለቅሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለፕሮፌሰሩም እንደዚያ ብለሽ ንገሪው። ኧረ ተዪው፣ አትንገሪው፤ ምን ዓይነት እናት ናት ይለኛል።

ስለዚህ አትምጪ። ክሩን ቀነስ፣ ዘርዘር አድርገሽ እንደገና ጀምሪ። ዓመት ይፍጅ፣ ሁለት ዓመት ይፍጅ። ሁለተኛ መቼ ነው ብዬ ብጠይቅሽ ስልኩን ዝጊብኝ። ለኔም አትጨነቂ፤ ቤቱ ሰው አያጣም። ባለፈው ሳምንት እንኳ ዩኑስ ዳቦ ይዞልኝ መጥቶ፣ በር ላይ ቆሞ ብዙ አወራን።

የያዝሽውን ሁሉ ጌታ በእጅሽ ያቃናልሽ። በሰው አገር እንደ እናት የሚያይሽ ሰው ይስጥሽ።

እናትሽ ደስታነሽ

ከሰላምታው ሥር የሰረዝኳት ቃል አለች። ፎቶውን አጉልተሽ ለማንበብ አትድከሚ፤ «ነይ» ነው የምትለው። ሦስት ጊዜ ነው የሰረዝኳት፤ አንቺም እንደተሰረዘች ቁጠሪያትና ነገ ሥራሽ ግቢ።