ከግራና ዋርካ የወረደችው ሐዲድ

የሁሴን አባት፣ አላህ በእዝነቱ ይቀበልህ። ከተለየኸን ዘንድሮ ስድስተኛው ረመዳን ነው። የምጽፍልህ እኔው ራሴ ነኝ፤ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬያለሁ። ምነው የምነግርህ ደግ ነገር በሆነ!

ያቺ ክንድ የምታህል የሐዲድ ቁራጭ ትዝ ትልሃለች? ድሬዳዋ ዕድሜህን ሙሉ ሐዲድ ስትጠግን ኖረህ፣ ጡረታ ስትወጣ ብረት ተሸክመህ መርሳ ከአውቶቡስ ወረድህ። ስቄብህ ነበር። ፈረንጆቹ መጀመሪያ ካነጠፉት ናት፣ ቀሪው ቢጠፋ እንኳ እሷ ትመስክር አልህና ግራና ትምህርት ቤት ዋርካው ላይ ሰቀልሃት፤ የተማሪ ደወል ሆነች። ስለ ባቡሩ ለሚጠይቅህ ሁሉ የአራት ዓመቱን ሁሴንን መሬት ላይ አጋድመህ፣ መንገዷ ከአንዱ ብረት እስከ ሌላው ብረት ልክ ይህን ታህላለች፣ ጠባብ ናት ግን ባሕር ታደርሳለች ትል ነበር። እኔም ጧት ጧት በተደወለ ቁጥር ሁሴንን "አባትህ ጠራህ" እለው ነበር። ከሞትህም በኋላ አልተውሁም።

አምና በአጨዳ ጊዜ፣ ትምህርት በሌለበት ቀን ተደወለ። ሁሴን ጎረምሳ ሆኖልህ ነበር። ለጦርነት አፈሳ አለ ሲባል ሰምቶ አልሄድም ብሎ ማጭዱን እንደያዘ ቆመ። እኔ የእርዳታ ስንዴ የመጣ መስሎኝ፣ እንደ ልማዴ "ሂድ እንጂ፣ አባትህ ጠራህ" አልሁት። ሳቀና ሄደ። ዋርካው ሥር የቆመው ልጆቹን ሊጭን የመጣ ባዶ የጭነት መኪና ነበር። በገዛ አፌ ነው የሰጠሁት።

በሚያዝያ ወረቀት መጣ። ለሌላ አንባቢ አልሰጠሁም፤ እኔው አነበብሁት። ሬሳም ልብስም አልመጣም።

ልጆቻቸው የታፈሱባቸው እናቶች ሐዲዷ ለቀጥቃጭ ትሰጥ፣ ማረሻ ትሁን አሉ። አልፈርድባቸውም። ቀበሌው በምትኳ የመኪና ቸርኬ ስለሰቀለ ፈላጊ አልነበራትም። ቀጥቃጩ ሲመጣ ግን ዋርካው ሥር ተቀምጬ አልነሳም አልሁ። ዕድሜህን እሳት ውስጥ መክተት አቃተኝ። ከእናቶቹ ሁለቱ እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም።

ተሸክሜ መቃብርህ ዘንድ ወሰድኋት፣ ከድንጋይህ ጎን ተከልኋት። በድንጋይህና በእሷ መካከል ያለውን ቦታ ያኔ ሁሴንን አጋድመህ እንደለካኸው አድርጌ ለካሁ፤ ልኩ ከእጄ አልጠፋም። የምቀብረው የለኝም፣ ቦታውን ግን ትቼለታለሁ። ሐሙስ ሐሙስ እየመጣሁ ሣሩን አጭዳለሁ። እኔ በሕይወት ሳለሁ ሐዲዷን ማንም አይደውላትም፤ አንተንም እሱንም በየስማችሁ እጠራችኋለሁ።