አሥራ ስድስቱ ክቦች

ግንቦት 4

ጠዋት ሦስት ሰዓት። ጣሳው ደረቅ። ዜሮ ጻፍኩ። ድመቷ የዝናብ መለኪያ ጣሳው ጥግ ተጠቅልላ ተኝታ ነበር፤ አባረርኳት።

ከሰዓት የሜትሮሎጂ ቢሮው ተቆጣጣሪ መጣ። ወር በገባ በአራት ይመጣል፣ የሞላሁትን ቅጽ ይወስዳል፣ መዝገቡ እኔ ዘንድ ይቀራል። ዛሬ አንዲት ቀጭን ሴት አስከትሎ ነበር። ዶክተር ናት ሲለኝ የሚያመኝን ጉልበቴን ላሳያት ነበር። ለካ የምታጠናው ዝናብ ነው!

"እማማ፣ አሥራ ሦስት ዓመት አንድ ቀን ሳያጓድሉ የለኩት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።" አንገቴ ረዘመ።

መንግሥት ለምርምር የሚመድበው ገንዘብ አለ አሉ። ኮሚቴ ነው የሚመርጠው፤ የእሷን ጥናት መርጧል። ራሱ ለክቶ ራሱ በስልክ የሚልክ መሣሪያ ተገዝቷል። እዚህ ሰፈር የሚተከልበት ግቢ ይፈልጋሉ።

ታዲያ ከእኔ ግቢ ሌላ የት ሊተከል?

ግንቦት 9

ሜትር ይዘው መጡ። ግቢውን ጠርጌ፣ የልብስ ገመዱን ፈትቼ ነው የጠበቅኳቸው። ዶክተሯ ቀና ብላ ዛፉን አየች።

"ይህ መቼ ተተከለ?"

"ባለቤቴ የተከለው ነው። ያኔ ከወገቤ አይበልጥም ነበር።"

አሁን ከጣሪያው በላይ ነው። መለኪያ ከዛፍ ቁመት እጥፍ መራቅ አለበት አለች፤ ቅርንጫፉ ዝናቡን ይቀማል። "በሕዝብ ገንዘብ የተገዛ ዕቃ ነው እማማ። ያለቦታው ብተክለው ኮሚቴው ምን ይለኛል?"

መንገዱን ተሻግረው የቲቸርን ግቢ ለኩ። ጡረታ ከወጣች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሰፈሩ አሁንም ቲቸር ይላታል። ግቢዋ ባዶ ሜዳ ነው። ምንም አልተከለችበትም… እሱ ራሱ ጠቀማት።

ግንቦት 10

ዜሮ። ቲቸር ሣሯን ስታሳጭድ ዋለች።

ግንቦት 17

ቲቸር መጣች። ሳልጋብዛት ተቀመጠች።

"ሰማሽ አይደል? ጥናቱ ከስንት ማመልከቻ መሃል ነው የተመረጠው!"

"ሰማሁ።"

"አንቺም ደክመሻል። ከእንግዲህ አረፍ በይ፣ ማሽኑ ይሠራዋል።"

አረፍ በይ? ማን ደከመኝ አላት?

ስትወጣ ከጠረጴዛው ላይ ቅጹን አነሳች፣ መነጽሯን አስተካከለች። "ሰባትሽ አሁንም አንድ ይመስላል" ብላኝ ሄደች።

ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ይህን መጻፍ አልወድም፤ ግን እውነት ነው። ዝናቡን ይለካ የነበረው ባለቤቴ ሲሞት ቢሮው "የሚጽፍ ከሌለ ጣሳውን እናነሳለን" አለ። በሃምሳ አምስት ዓመቴ የማታ ትምህርት ገባሁ፤ አስተማሪዋ እሷ። በዕድሜ ታንሰኛለች። ልጆች ሳለን እኔ ውሃ ስቀዳ እሷ ደብተር አቅፋ በፊቴ ታልፍ ነበር። ይኸው ዕድሜ ልኳን በፊቴ ስታልፍ…

ግንቦት 23

ዶክተሯ ዛሬ ብቻዋን መጣች። እስካሁን ያየችው ቢሮ ያለውን ግልባጭ ነው፤ ዋናውን መዝገብ በዓይኗ ማየት ፈለገች። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ አጎንብሳ ዋለች። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ሻይ አፈላሁላት።

"መንግሥት ዝናብ ለማስቆጠር ገንዘብ የሚያወጣው ምን አገኛለሁ ብሎ ነው?" አልኳት።

ሳቀች። "ነጋዴ አያወጣማ! ቆጥሮ ለማን ይሸጠዋል? ግን ድልድይ የሚሠራው፣ የሚዘራው፣ ግድብ የሚጠብቀው ሁሉ ይፈልገዋል። ሁሉም የሚፈልገው ነገር በሁሉም ገንዘብ ይሠራል። እርስዎ ከሚገዙት ስኳር ላይ የተቆረጠው ግብር ሳይቀር አለበት።"

እንግዲህ ቲቸር ግቢ የሚተከለው በእኔ ስኳር ነው።

ለጊዜው የተፈቀደላት የአንድ ዓመት ብቻ ነው። ሐምሌ ላይ ኮሚቴው መጥቶ ያያል፤ ካመነበት ሦስት ዓመት ይጨምርላታል። ካላመነበት መሣሪያው ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ጣቷን አሳረፈች። "ይኸውልዎ እማማ! የተመረጥኩት በዚህ ነው።"

የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት፣ ሰኔ። ክረምቱ ሲገባ አሥራ ስድስት ቀን ጠብታ የለም። አሥራ ስድስት ክብ በተርታ። "በዚህ ወር እንዲህ ያለ ድርቅ ለምን መጣ? ይመለሳል ወይ? ጥናቴ ይኸው ነው።"

ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ድርቅ አልነበረም። እኔ ነኝ ያልነበርኩት።

ባለቤቴን ሆስፒታል ሳስታምም ነበር፣ ልጄም አብራኝ። ቀብረነው ስንመለስ መዝገቡ ላይ አሥራ ስድስት ባዶ ሣጥን ጠበቀኝ። ያኔ አንድ ፊደል አላውቅም። ታሞ እኔ ስለካለት ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው፤ "ምንም ከሌለ ክብ አድርጊ።" እኔ ምንም አላየሁ… ክብ አደረግኩ። አለመዝነቡና አለመለካቱ የተለያየ ነገር መሆኑን ያወቅኩት ማንበብ ከቻልኩ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ "አንድ ቀን አላጓደለችም" ማለት ጀምረው ነበር። ጣፈጠኝ። ዝም አልኩ።

ዛሬም ዝም አልኩ።

ሰኔ 8

ተተከለ። ነጭ ዘንግ፣ የሽቦ አጥር፣ ከፀሐይ ኃይል የሚወስድ ጥቁር ሰሌዳ። "በመንግሥት የምርምር ፈንድ የተደገፈ" የሚል ጽሑፍ አለው። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ቲቸር አዲስ ሹራብ ለብሳ ንግግር አደረገች። ማን ጠይቋት?

"ዛሬ ሳይንስ ወደ ሰፈራችን መጣ!"

አሥራ ሦስት ዓመት ማዶ ቆሞ የነበረው ጣሳዬ ምን መስሏት ይሆን?

ዶክተሯ ስለ አሥራ ስድስቱ ቀን ተናገረች። አጨበጨቡ። ቲቸር አብዝታ አጨበጨበች። እኔ ኋላ ቆሜ አንድ ነገር ገባኝ… ያ ሁሉ ነጭ ብረት የቆመው በእኔ ክቦች ላይ ነው። አንድ ቃል ብተነፍስ ይነቀላል።

ስወጣ ሆዴ ውስጥ ስኳር የሟሟ ያህል ነበር።

ሰኔ 15

11.4 ሚሊ ሜትር። የማሽኑ 14.1 ነው አሉ። ቲቸር ከአጥሯ ላይ ሆና "አንቺ፣ ያንቺ ጣሳ ቀዳዳ አለው እንዴ?" አለችኝ። መንገደኛው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ጥርሴ ብቻ።

ሰኔ 21

ዛፉን ላስቆርጠው ብዬ ነበር። ልጄ ከመድኃኒት ቤት ሥራዋ ስትገባ ነገርኳት።

"አባባ የተከለውን? በቲቸር ቀንተሽ?"

"ማን ቀና?"

"እማዬ፣ ሰሞኑን ከዝናቡ ይልቅ የእሷን በር ነው የምትለኪው።"

አፍ አላት ይቺ ልጅ። ከማን ወጣች…

ሐምሌ 2

9.0።

ወሰንኩ። ኮሚቴው ሲመጣ እናገራለሁ። እውነት ስለሆነ ነው ብል ራሴን አታልላለሁ፤ እውነት ከሆነ አሥራ ሦስት ዓመቱ። ቲቸር ግቢ፣ እሷ ፊት፣ ሹራቧን እንደለበሰች ነው መናገር የምፈልገው።

ሐምሌ 9

መጡ። ሦስት ናቸው፤ ሰብሳቢው ቦት ጫማ ያደረገ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው። ቲቸር ወንበር ደርድራ ጠበቀቻቸው። እኔንም ጠሩኝ።

"የድሮውን መዝገብ የያዙት እሳቸው ናቸው?" አለ ሰብሳቢው።

"እሷ ናት" አለች ቲቸር ፈጠን ብላ። "እኔ ነኝ ያስተማርኳት።"

ከዚያ ወዲያ አልጠበቅኩም።

"አሥራ ስድስቱ ቀን ውሸት ነው" አልኩ። ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሆስፒታሉን፣ ቀብሩን፣ ክቡን። ቲቸርን እያየሁ ነው የተናገርኩት። ፊቷ እንደጠበቅኩት አልሆነም… አንገቷን ደፋች።

ዶክተሯ ወረቀቷን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ አጠፈች።

ሰብሳቢው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "እናቴ፣ ሌላ እንዲህ ያለ ክብ አለ?"

"የለም። እነዚያ ብቻ ናቸው።"

"በምን እናውቃለን?"

በምን ያውቃሉ? በብርድ፣ ታምሜ፣ ልጄን በዳርኩ ማግስት ሳይቀር የለካሁት… በምን ያውቃሉ? እሷን ልመታ የወረወርኩት እኔኑ አናቴን አለኝ።

ሐምሌ 10

6.3። ለማን ብዬ እንደጻፍኩት እንጃ።

ዶክተሯ ደወለች። ገንዘቡ ታግዷል፣ እስከ ነሐሴ ይወስናሉ። ድምጿ ደክሟል። "እማማ፣ የዚያን ቀን ጠረጴዛዎ ላይ ለምን አልነገሩኝም? ሁለታችን ብቻ ነበርን።"

ምን ልበላት? ቲቸር አልነበረችማ ልበላት?

ሐምሌ 13

ቲቸር በሩን አንኳኳች። ሁለት እጇ ሙሉ ነው። ልትሰድበኝ መሰለኝ፣ ተዘጋጅቼም ነበር።

"ያዢልኝ፣ ሊወድቅ ነው!"

አሮጌ ደብተሮች። ስታስተምር የያዘችው የተማሪ መቆጣጠሪያ ነው።

"ዝናብ ሲበረታ ከወንዙ ማዶ የሚመጡት ልጆች ይቀሩብኝ ነበር። እንዳይቆጠርባቸው ብዬ በስማቸው አንጻር 'ዝ' እጽፋለሁ። ከመዝገብሽ ጋር እናስተያየው።"

"ለምን ብለሽ?"

"ለምን ብዬ? አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ቤት በዋልኩ ቁጥር በመስኮት አይሻለሁ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሰዓቴን በአንቺ ነው የማስተካክለው።"

እንዲህ ናት። ክፉ ሆና እንኳ አታሳርፈኝም። ደብተርም አላት፣ ልብም አላት… ለሌላው ምን ይቅር?

ሐምሌ 19

ስድስት ቀን ተቀመጥን። እሷ ቀኑን ታነባለች፣ እኔ ከመዝገቡ እፈልጋለሁ። "ፈጠን በይ እንጂ!" ትለኛለች፤ "ክፍልሽ አይደለሁም!" እላታለሁ።

ደብተሯ የሚሸፍነው ሰባቱን ዓመት ነው፣ ከዚያ ጡረታ ወጣች። 'ዝ' ያለበት ቀን ሁለት መቶ አሥራ አንድ። በእኔ መዝገብ ዝናብ የሌለባቸው አሥራ ሦስት ብቻ። ከእነሱ ዘጠኙ ያኔ፣ ሆስፒታል ሳለሁ። አራቱን ዶክተሯ አይታ "ወንዙ ከላይ ዘንቦበት ሞልቶ ይሆናል" አለች፤ ውጤቱንም ለኮሚቴው ልትልክ ወሰደች። ለቀሪው ስድስት ዓመት ዋስ የለኝም።

ቲቸር እርሳሷን አስቀመጠች። "ትክክለኛ ነበርሽ" አለች።

ከእሷ ሌላ ይህን የሚለኝ ባገኝ ምን ነበረበት።

ነሐሴ 6

ተወሰነ። ሦስት ዓመት የነበረው ሁለት ሆነ፤ ዶክተሯ ልትቀጥራቸው ካሰበቻቸው ረዳቶች አንዱ ቀረ። የድርቁ ጥናት ተሰርዟል። አሁን የሚጠናው ሌላ ነው፤ የሰው እጅና ማሽን አንዱን ዝናብ ጎን ለጎን ሲለኩ ምን ያህል ይለያያሉ? እኔ ታመንኩ፣ ግን በልክ። ሰብሳቢው ሁለት ነገር አስጽፏል። አንደኛ፣ ጣሳዬ ከዛፉ ይራቅ። ሁለተኛ፣ እኔ ባልኖር የሚለካ ሌላ ሰው ይሠልጥን።

ጣሳዬ የሚዛወረው ቲቸር ግቢ ነው። የሚሠለጥነው ሰው ቲቸር ናት።

ልጄ ስትሰማ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች።

ነሐሴ 14

ሦስት ሰዓት። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ቲቸር መነጽሯን ወልውላ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ውሃውን ከጣሳው ወደ መለኪያ መስታወቱ ገልብጬ ደረጃው ላይ አቆምኩት።

ቆማ አየችው። "ስምንት ነጥብ ስድስት!"

"አይደለም።"

"እንዴት አይደለም? ይኸው መስመሩ!"

"ውሃ መስታወት ውስጥ ዳር ዳሩ ይነሳል፣ መሃሉ ይጎደጉዳል። የሚነበበው መሃሉ ነው። ዓይንሽ ከውሃው እኩል ይሁን።"

"ጎንበስ ልበል?"

"ተንበርከኪ። እኔ አሥራ ሦስት ዓመት ተንበርክኬያለሁ።"

አየችኝ። ከዚያ ሹራቧን ሰብስባ እርጥቡ ሣር ላይ ተንበረከከች። ጉልበቷ ጮኸ፤ ከእኔ ይብሳል። ብዙ ቆየች።

"ስምንት… ነጥብ ሁለት።"

ልክ ነበረች።

"እስቲ ድገሚው" አልኳት።