በቆርቆሮ ስለ ሞቱት ፍጥረታትና ስለ ልጅ ልጄ

ለተከበሩ አቶ ያደታ፣ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፤ በልጅ ልጄ በተጂቱ ላይ ለደረሰው ሁሉ ከእርስዎ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

መቱ፣ ሰኔ ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጫማዎ በዚህ ጭቃ እንዳይበላሽ፣ ጉሮሮዎም በዝናቡ እንዳይዘጋ እጸልያለሁ። በእርጅናዬ ፊደል የቆጠርሁት እርስዎ ባስከፈቱት የማታ ትምህርት ስለ ሆነ፣ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ በመቻሌ ምስጋናው የእርስዎ ነው። ጎረቤቶቼም ሳያነቡት እንዳይቀሩ በገበያው መግቢያ ላይ ለጥፌዋለሁ።

፩ኛ. ለትናንሽ ልጆች ስለ ሕያዋን ፍጥረታትና ስለ መኖሪያቸው ማስተማርዎ የሚያስመሰግን ነው። ከጎሬ እንግዶች ሊጎበኙ ይመጣሉ ተብሎ፣ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ፍጥረት ከነመኖሪያው ይዞ እንዲመጣ ማዘዝዎም የትጋትዎ ምልክት ነው። እኛ አላዋቂዎቹ፣ ልጆቹ ፍጥረቱ ካለበት ወርደው ቢያዩት ይበቃል ብለን ነበር። ውሃ የተኛበት ሣራም ጨፌ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ነውና። ነገር ግን እንግዶች እግራቸውን ማርጠብ ስለማይገባቸው፣ ጨፌው ራሱ ዳገቱን ወጥቶ እንዲቀበላቸው ፈረዱ።

፪ኛ. ልጆቹም ታዘዙ። ለመያዣ ስለ ገዙት በሸምሰዲን ሱቅ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ጠፋ። እንቁራሪት ከነጭቃው፣ ወፍ ከነጎጆዋና ከነጫጩቶቿ መጡ። አንዲት የጉሬዛ ልጅም ከነቅርንጫፏ መጣች፤ እናቷ ግን ለቆርቆሮ ስላልተመቸች ዛፍ ላይ ቀርታ ስትጮህ ዋለች። ተጂቱ እንቁራሪት አመጣች፤ እርስዎም ጎበዝ ብለው ራሷን ዳሰሷት። ያን ዕለት ከደስታዋ ብዛት እራቷን አልበላችም።

፫ኛ. ዝናቡ መንገዱን ዘጋና እንግዶቹ ቀሩ። ያኔ ፍጥረታቱን ወደ ቦታቸው መልሱ ቢሉ ኖሮ ደብዳቤዬ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። እርስዎ ግን እንግዶቹ እስኪመጡ ይቆዩ አሉ። ቆዩ፤ ሞቱም። ሽታው ከክፍሉ አልፎ ወደ ሰፈር ሲደርስ፣ የሞተበት ልጅ ሌላ ይተካ ብለው አዘዙ።

፬ኛ. ተጂቱ ልትተካ ብቻዋን ወረደች። በበጋ ከብት የሚግጥበት ጨፌ በክረምት ላዩ ሣር፣ ታቹ ጉድጓድ መሆኑን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ለቤት ክዳን ሣር የሚያጭዱት እንኳ በዚህ ወር አይገቡበትም። ጎረቤቴ ጅራታ የጠፋች ላሙን ሲፈልግ ጩኸቷን ሰማ። እስከ ደረቷ ሰጥማ ነበር። እንጨት አቀብሎ ሲጎትታት ቆርቆሮውን አልለቅ አለችው። «ጣይው አንቺ ልጅ፣ ልትሞቺ ነው!» ቢላት፣ «መምህር ይቆጡኛል» አለችው። ለዚህ ያህል መከበር የታደለ መምህር ጥቂት ነውና እንኳን ደስ አለዎት።

፭ኛ. ከዚያ ወዲህ ታስላለች፤ እንቅልፏም ቅዠት ብቻ ነው። እርስዎም አልረሷትም፤ ሰው ልከውባታል። የመጣው ሰው ግን ሊጠይቃት አልነበረም። በዚህ ሳምንት ካልመጣች ስሟ እንደሚሰረዝ፣ ስትመጣም ምትኩን እንዳትረሳ ነግሮን ሄደ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

፮ኛ. ይህኛውን ቅሬታ ልበለው ወይስ ምስጋና፣ አላውቅም። ትናንት አንዲት ወፍ ደጃፋችን ላይ አረፈች። ቀድሞ ወፍ ስታይ የምትስቀው ልጅ ከአልጋዋ ሆና ብዙ አየቻትና፣ «አኮ» ብላ እኔን አያቷን ጠርታ፣ «ይቺ በየትኛው ቆርቆሮ ትገባለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ትምህርቱ ገብቷታል ማለት ነው፤ ለእንግዶችዎ ይንገሩልኝ።

የምለምንዎ ጥቂት ነው። ስሟ ይቆይላት፤ ምትክ የሚባለው ነገር ይቅር፤ በሕይወት የተረፈ ፍጥረት ካለም ዛሬውኑ ይለቀቅ።

ዕድሜዎን እንደ ትእዛዞችዎ ያብዛልዎ እያልሁ፣ ከነጎጆዋ ገና ያልተለቀመችው ታዛዥዎ፣

ወይዘሮ ዘውደነሽ

ማስታወሻ፦ እስከ ዛሬ በገበያ መካከል ሲያልፉ፣ የያዝሁትን አስቀምጬ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ዝቅ ብዬ ሰላምታ እሰጥዎ ነበር፤ ተጂቱም ከጎኔ እንደዚያው ታደርግ ነበር። አሁን እርሷ ግድግዳ ሳትይዝ መቆም አልቻለችም። እኔ ደግሞ እችላለሁ፤ ነገር ግን ከእንግዲህ ለእርስዎ አልነሣም።