ያላስጨረስኩት ጥርስ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለባለቤቴ እናት፤

እንደምን ሰንብተዋል? ደረጃ ሲወጡ ያስቸግርዎት የነበረው ጉልበትዎ ሻል አለው? ልጅዎስ ደህና ናት? መቼም እርስዎ ቤት ሆና ምንም እንደማይጎድልባት አውቃለሁ። እኔም ደህና ነኝ ብል ይቀለኝ ነበር፤ ግን ውሸት በቃኝ። ይህን የምጽፈው ግማሽ ፊቴ ደንዝዞ፣ ከንፈሬ የእኔ ይሁን የጎረቤት ሳላውቅ ነው። ስልክ ልደውል አስቤ ነበር። ድምፅዎን ስሰማ ግን እንደገና እንደምዋሽ ስለገባኝ ወረቀት መረጥኩ።

እማማ፣ ልጅዎ ቤቷን ጥላ እርስዎ ዘንድ የመጣችው ሌላ ሴት ይዟል ብላ ነው። አልፈርድባትም። ሶፋ ላይ መተኛት የጀመርኩት እኔ ነኝ። ስታዋራኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ የማዞረው፣ ልትስመኝ ስትጠጋ ሳል የሚይዘኝ እኔ ነኝ። በመጨረሻ ከየኮቴ ኪስ ቅርንፉድ ለቀመች። እንዲህ አፍህን የምታሳምረው ለማናት? ብላ ጠየቀችኝ። ሌላ ሴት አለች ወይ? ስትለኝ አንገቴን ደፋሁ። አለችም የለችምም አላልኩ። እሷም ሻንጣዋን አወረደች።

ሌላ ሴት የለችም፣ እማማ። አፌ ይሸት ነበር።

መንጋጋዬን ይዞኝ ስጮህ የሰነበትኩበትን ጊዜ ያስታውሳሉ። ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት ካለው ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ አየችውና ጥርሱ አይነቀልም፣ ውስጡ ያለው ነርቭ ነው የተበላሸው፣ ሥሩ ድረስ ገብተን እናጸዳዋለን አለችኝ። በዚያ ሁሉ ሕመም መሐል መርፌው መግባቱን እንኳ ሳላውቅ አደንዝዛ አጸዳችውና ደፈነችው። ስወጣ ያ ሁሉ ሕመም የለም! እሷ ግን አስጠንቅቃኝ ነበር። ሕመሙ ጠፋ ማለት ጥርሱ ዳነ ማለት አይደለም፣ የደፈንኩበትም ለጊዜው ነው፣ ተመልሰው መጥተው ካላስጨረሱ ጀርሙ ተመልሶ ይገባል አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ወጪ አለው?

በቀጠሮዬ ቀን ሄጄ መጠበቂያው ክፍል ተቀመጥኩ። ከውስጥ የመሰርሰሪያው ድምፅ መጣ። የማያም ጥርስ ለምን ይነካካል? አልኩ ለራሴ። ስልክ ልመልስ ብዬ ወጣሁና እግሬ አውጪኝ። ስልኬ ግን አልጮኸም ነበር።

ያን ቀን ምሳ የበላሁት እርስዎ ቤት ነው። እንዴት ሆነ? ብለው ሲጠይቁኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ ጨረስኩ አልኩ። ያ መች አንሶኝ፣ ሐኪሟ እንደ እርስዎ ያለ ደፋር አላየሁም አለችኝ ብዬ ጉራዬን ነፋሁ። እርስዎም መረቁኝ። ምርቃትዎ አሁን ድረስ ያቃጥለኛል። ፀጉር ቤቴም ውስጥ ጉንጩ ያበጠ ደንበኛ ወንበሬ ላይ ከተቀመጠ አለቀለት፤ ምን ያስፈራሃል፣ እኔን እይ እያልኩ ጢሙን ላጭቼ እስክጨርስ እመክረዋለሁ። ስንቱን ፈሪ ብያለሁ መሰለዎት።

ከዚያ አንድ ቀን ዳቦ ስበላ ድፍኑ ወልቆ ወጣ። ሕመም የለውም፣ ተውኩት። ትንሽ ቆይቶ ድዴ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል እብጠት ወጣች፤ ስትፈነዳ አፌን መራራ ነገር ሞላው። ሽታው የመጣው ያኔ ነው። እንደሚያውቁት ሥራዬ ሰው ፊት ላይ ማጎንበስ ነው። አንዱን ደንበኛ ስላጭ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ምላጩን የፈራ መስሎኝ አይዞህ አልኩት። የፈራው የእኔን ትንፋሽ ነበር። ስጨርስ ቅርንፉድ ጥሩ ነው ይላሉ ብሎኝ ወጣ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭንብል አደረግኩ፣ ለሚጠይቀኝም ጉንፋን ነው አልኩ፣ ኪሴንም ቅርንፉድ ሞላሁት።

ለምን ተመልሰህ አልሄድክም ይሉኝ ይሆናል። ስሄድ አለመጨረሴ ይታወቃል። ያ ከታወቀ መሸሼ ይታወቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ስሰማ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ያም ሆኖ ልጅዎ ያን ጥያቄ ስትጠይቀኝ ፈሪ ከምባል ባለጌ ልባል ብዬ መረጥኩ። ከመርፌ ሸሸ ከሚሉኝ ሚስቱን ከዳ ይበሉኝ አልኩ። ይህን ስጽፍ ብቻዬን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ፊቴ ይግላል። እሷ ሻንጣዋን ይዛ እያለቀሰች ስትወጣ እኔ በር ላይ ቆሜ አፌን በእጄ ሸፍኜ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ጉንጬ አብጦ ስነሳ ሄድኩ። ሐኪሟ ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፣ አልተቆጣችም። ቤት የቀረ ኪኒን እየዋጥኩ እብጠቱን ሳስታግሰው መክረሜን ስነግራት፣ ኪኒን ለብቻው አያድነውም፣ የቆሸሸው ሥሩ ውስጥ ነው፣ ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ጥርሱን እናጣው ነበር አለችኝ። መርፌው ጉንዳን የነከሰኝን ያህል ነው። ከዚያ በኋላ መጫኑንና የውሃውን ድምፅ እንጂ ሕመም አላየሁም። ካመመዎት ግራ እጅዎን ያንሱ ብላኝ ነበር፤ እጄን አንዴም አላነሳሁም። ይህን ሁሉ ያፈረስኩት ለዚህ ነው? እያልኩ እዚያው ወንበር ላይ እንባዬ ወደ ጆሮዬ ወረደ። እሷ አመመዎት? ስትለኝ ራሴን በአሉታ ነቀነቅኩ። የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ሥሩን ለዘለቄታው ትሞላዋለች። ነርቭ የሌለው ጥርስ ቶሎ ስለሚሰበር ከላይ ቆብ ያስፈልገዋል ብላለች። እስከዚያ በዚያ በኩል አላኝክም፣ ለጥቂት ቀን ቢጠዘጥዘኝም አልደነግጥም።

አንድ ነገር ልጨምር። ወንበሩ ላይ ከመተኛቴ በፊት ረዳቷ አንገቴ ላይ መሸፈኛውን ስታስር እኔ እፈራለሁ አልኳት። በዕድሜዬ ለሰው እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ ነው። እሷም ሳታስብ እናውቃለን አለችኝ። ቅርንፉድ በመሐረብ ቋጥረው የመጡ እናት ነግረውናል፤ ልጄ ፈሪ ነው፣ ሲመጣ አትቆጡት፣ እኔ መምጣቴንም አትንገሩት ብለዋል አለችና ከንፈሯን ነክሳ ወደ ዕቃዎቿ ዞረች።

እንደሚያውቁት እናቴ የሞተችው የወተት ጥርሴ ሳይነቀል ነው። እኚያ እናት ማን ናቸው ብዬ አልጠየቅኩም።

የክሊኒኩን መንገድ አልጽፍልዎትም። የመጠበቂያው ክፍል መስኮት ሥር ሁለት ወንበሮች ጎን ለጎን አሉ፤ ሐሙስ ጠዋት አንደኛው ላይ እቀመጣለሁ። ስልኬን ቤት ትቼው እሄዳለሁ። ይህን ደብዳቤ ለልጅዎ ያንብቡላት። ብትስቅ ትሳቅ፣ ሳቋ ናፍቆኛል።

ፈጣሪ ጉልበትዎን ያበርታ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ከደጅዎ ደስታ አይራቅ።

ፈሪው ልጅዎ