አያትህ ያሰረችልህ ክር

ይድረስ ለልጄ ለሲሱክ። የሄድክበት አገር እንደ እናት ይያዝህ፤ እጅህ የነካው ሁሉ ይቃናልህ። እኛ አለን። ሩዙን ተክለን ጨርሰናል፤ ወገቤ ግን እስካሁን አልቀና ብሎኝ ይህንንም የምጽፈው ግድግዳ ተደግፌ ነው። የምናርስባት ጎሽ ወልዳለች።

አብሮህ የሚሠራው ፔት ከባንኮክ ለበዓል መጥቶ ነበር። የአውሮፕላን ሬዲዮ ስትጠግኑ ሌላ ነገር ባልታሰረበት ባዶ የእጅ አንጓ ላይ የምታስሩት ማሰሪያ አለ አለኝ፤ ያለሱ ከሰው ገላ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ዕቃውን ሳይታይ ያበላሸዋል አሉ። አንተ ግን አያትህ ስትሸኝህ መርቃ በሁለቱም እጅህ ያሰረችልህን ነጭ ክር አላወልቅም በማለትህ፣ አለቃህ ከጥገናው አንስቶ ዕቃ ተሸካሚ አድርጎሃል። ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው ለዚህ ነው?

ለአያትህ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ስፈራ ሳቀች። «ይሄ ሞኝ፣ ምርቃቴ እስካሁን ክሩ ላይ የተንጠለጠለ መሰለው? በሦስተኛው ቀን ገላው ውስጥ ገብቶለታል» አለች። «ብቻ በመቀስ እንዳይቆርጠው፤ ይፍታው።»

ልጄ፣ ደክሞኛል፤ ስላንተ ማሰቡ ከሩዙ ይብሳል። ጤናና ሞገስ አይለዩህ። እባክህ፣ ይህን እንዳነበብክ ቀስ ብለህ ፍታው። ቋጠሮው ጠብቆ እንቢ ካለህ ፔት በጥርሱ ይርዳህ።

እናትህ