ሦስት ቁጥር የሌለበት ደብተር

አባዬ፣ አንተን ቀብረን ከተመለስን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ደብረ ብርሃን እንደምታውቃት ናት፤ ጠዋት ጠዋት በጭጋጉ ውስጥ የሰው ድምፅ እንጂ ፊት አይታይም። ደጃፋችን ላይ የነበረውን ባሕር ዛፍ ንፋስ ጣለው። እማዬ ጋቢህን ሣጥን ውስጥ ቆልፋበት ነበር፤ ዘንድሮ ብርዱ ሲጠና አውጥታ ደረበችው። እኔም ሳታየኝ ተመረቅሁ። ማመልከቻ ይዤ እስከ ሰላ ድንጋይ ድረስ ያላንኳኳሁት ቢሮ የለም፤ አንዱ ይጠራኛል እያልኩ ስልኬን ከእጄ አልለይም።

የምጽፍልህ ግን ማንዶሊን እየተጫወትክ ትጽፍበት ስለነበረው ደብተርህ ነው።

ታመህ ከተኛህ በኋላ ለዕረፍት የመጣሁ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ለአንቺሆዬ ቅኝት የሚስማማ ኮርድ፣ ክሮቹ አብረው ሲመቱ የሚስማሙበት የጣት አያያዝ፣ ከመጽሐፍ አይገኝም ብለህ፣ ስንት ዓመት በጣትህ እየዳበስክ ያገኘኸውን ሁሉ ደብተሩ ላይ ሥለኸው ነበር። አራት መስመር ለአራቱ ጥንድ ክር፣ ነጥብ ጣት ለሚያርፍበት፣ ከሥሩ የጣቱ ቁጥር። እኔ ደግሞ ከስልክ ላይ ትንሽ ተምሬ ነበርና፣ ደብተርህን በቀይ እስክሪብቶ አረምኩልህ። ጣት ሳታሳርፍበት ክፍት የተውከውን ክር ሁሉ በሦስተኛው፣ በቀለበት ጣት ዘጋሁት። ገጽ በገጽ አየኸው። «ጎበዝ፣ የተማረ እንዲህ ነው» አልከኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ባለፈው ሳምንት ናፈቅኸኝና በእርማቴ መሠረት ማንዶሊንህ ላይ ሞከርኩት። ድምፁ ንጹሕ ነው፤ የአንተ ግን አይደለም። ያ መጨረሻው ላይ ሳያርፍ የሚንከራተተው ነገር ጠፍቷል። እማዬ ምስር እየለቀመች ትሰማኝ ኖሮ፣ «ያንን የቀለበት ጣት ለምን አስገባሽው? አባትሽ መቼ አጥፎት ያውቃል?» አለችኝ።

እጄ ክሩ ላይ ቀረ። አባዬ፣ ያንን ጣት እኮ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። አንኮበር ግንብ ስትሠራ መዶሻው ሲያደቀው አጠገብህ ሆኜ ውሃ ያፈሰስኩልህ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ ችንካር ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ብርድ ሲመታው በብብትህ ታሞቀው ነበር። ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ገለጥኩት። በአንተ እጅ የተጻፈ ሦስት ቁጥር አንድም የለም። ኮርዶቹን የፈለግሃቸው በቀሩልህ ጣቶች ልክ ነበር፤ ክፍቱ ክር የዚያ ጣት ቦታ ነው። እኔ ስህተት ነው ብዬ በቀይ ዘጋሁት።

ከእርማቴ በኋላ አንድ ኮርድ አልጨመርክም። መስመሩን አስምረህ ነጥብ ሳታደርግ ትተኸዋል። አቅም አጥተህ ይሁን፣ በእኔ ተከፍተህ ይሁን፣ አሁን ማንን እጠይቃለሁ?

ቀዩን በላጲስ ሞከርኩት፤ ወረቀቱ ሊቀደድ ሲል ተውኩት። ትናንት ከሰዓት የቀለበት ጣቴን በስንጥር ደግፌ በጨርቅ ጠቀለልኩና የመጀመሪያውን ገጽ ኮርድ ያዝኩ። ብዙ ጊዜ ከሸፈብኝ። በኋላ ግን ወጣ፣ ያው ራሱ የአንተ ድምፅ። እማዬ የምትለቅመውን ምስር አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ተከትዬ አላየኋትም።

ሥራ አግኝቼ የትም ብሄድ ማንዶሊኑ አብሮኝ ይሄዳል። ባዶ የተውከውን ገጽ በአንተ ጣቶች ልክ እየፈለግሁ እሞላዋለሁ፤ ሦስት ቁጥር አይገባበትም። ቀዩንም አልደብቀውም፤ በገለጥኩት ቁጥር ልየው። ክሩን ግን ከእንግዲህ አልዘጋብህም፣ አባዬ።

ልጅህ